ለልጅ ጣት የሚሆን መጫወቻ አመራረጥ፦ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

አብዛኛው ወላጅ መጫወቻ የሚገዛው ለልጁ ዓይንና ጆሮ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባሉት ሱቆች በር ላይ ተሰቅለው የሚታዩት መጫወቻዎችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ይበራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ራሳቸው ይሄዳሉ። ልጁ አንዲት ቁልፍ ከተጫነ በኋላ የቀረውን ሁሉ የሚሠራው ባትሪው ስለሆነ ጣቶቹ የሚለማመዱበት ነገር አያገኙም። ሌላው ወላጅ ደግሞ «ያስተምራል» የተባለ ውድ መገጣጠሚያ ይዞ ይገባል፤ መጫወቻው ከልጁ ዐቅም በላይ ይሆንና ሳምንት ሳይሞላው አልጋ ሥር ተበትኖ ይገኛል። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስለማስተምር የሁለቱንም ውጤት መስከረም ላይ አየዋለሁ፦ ስልክ እያንሸራተተ ቪዲዮ መርጦ የሚከፍት የአራት ዓመት ልጅ የምሳ ዕቃውን ክዳን መክፈት አቅቶት ወደ እኔ ይዘረጋዋል።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ። የመጀመሪያውን ዘለው ወደ ሱቅ አይሂዱ፤ ምርጫው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነውና።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት የልጁን እጅ ይመልከቱ

ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ልጁ ሲበላ፣ ሲለብስና ሲጫወት እጁን ብቻ ይከታተሉ። አይርዱት፣ አያርሙት፤ ያዩትን በወረቀት ይጻፉ። መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. የእንጀራ ፍርፋሪ ሲያነሳ በመዳፉ እየጠረገ ነው ወይስ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ?
2. የያዘውን ዕቃ አስቦ ያስቀምጣል ወይስ ዝም ብሎ ከእጁ ይወድቃል?
3. ሁለቱን እጆቹን ለአንድ ሥራ ያስተባብራል? አንዱ ሲይዝ ሌላው ይሠራል?
4. ክዳን ወይም የበር እጀታ ሲያዞር የሚዞረው የእጁ አንጓ ነው ወይስ ክንዱ በሙሉ?
5. ጀምሮት ሊጨርሰው ጥቂት ሲቀረው የሚተወው ሥራ የትኛው ነው?

ከሁሉም የሚበልጠው አምስተኛው ነው፤ የሚፈለገው መጫወቻ ያለው እዚያ ነው። ለምሳሌ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ የቫዝሊን ዕቃ ስትከፍት ልብ ብለው ይዩ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች፣ ትከሻዋን ታዞራለች፣ ዕቃው ግን ከክዳኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ምክንያቱም ግራ እጇ ዕቃውን አልያዘላትም፣ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ያየ ሰው «ጉልበት የላትም» ይላል። የጎደላት ግን ጉልበት ሳይሆን የሚይዘው እጅ ሥራ ነው። ለዚህች ልጅ የሚሆናት አንድ እጅ ካልያዘው የማይሠራ መጫወቻ ነው፤ ሌላ የሚጠነክር ነገር ቢገዛላት መናደድን እንጂ መክፈትን አትማርም።

በካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው ዕድሜ አንድ ነገር ይወቁ። «ከ3 ዓመት በላይ» የሚለው ጽሑፍ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ልጁ ብልህነት ሳይሆን በውስጡ ሊዋጡና ሊያንቁ የሚችሉ ትናንሽ ክፍሎች ስለመኖራቸው ነው። ስለዚህ «ልጄ ፈጣን ነው» ብለው ለሁለት ዓመት ልጅ አይግዙት። ልጁ ያለ ወሩ የተወለደ ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ዕድሜውን ሊወለድበት ከሚገባው ቀን ጀምረው ይቁጠሩ።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ የእጅ ሥራ ይምረጡ

የሚከተሉት ዕድሜዎች ግምታዊ ናቸው። በወረቀትዎ ላይ ልጁ አሁን የሚችለውን ያግኙና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ይምረጡ፤ ሁለት ደረጃ አይዝለሉ።

*ከ6 እስከ 9 ወር።* ልጁ በመዳፉ ይጨብጣል፣ ዕቃን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሻግራል። ቀጭን እጀታ ያለው ማንሿሿያ፣ ቀለበት መሰል ነገርና ጨርቅ ይበቃሉ።

*ከ9 እስከ 12 ወር።* መቆንጠጥ ይጀምራል፤ አስቦ መልቀቅም በዚህ ጊዜ ይመጣል። አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃና የሚወጡ የሚገቡ ትላልቅ ነገሮች ይስጡት። ማውጣት ከማስገባት ይቀድማልና ባዶ አድርጎ ሲደፋው «አጠፋ» አይበሉት።

*ከ12 እስከ 24 ወር።* መደራረብ፣ ማስገባትና መሞነጫጨር ይመጣሉ። በ18 ወር ገደማ ሦስት ወይም አራት ብሎክ፣ በሁለት ዓመት ደግሞ ስድስት ያህል ይደረድራል። ብሎክ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ኩባያ፣ በእንጨት ላይ የሚሰካ ቀለበትና ወፍራም ገጽ ያለው መጽሐፍ የሚፈለጉት አሁን ነው።

*ከ2 እስከ 3 ዓመት።* የእጅ አንጓ መዞር ይጀምራል፤ ክዳን ይፈታል፣ ገጽ አንድ በአንድ ይገልጣል፣ ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ ትላልቅ ነገሮችን በክር ይሰካል። የሚሽከረከር ክዳን፣ እጀታ ያላቸው የሥዕል መገጣጠሚያዎችና ሊጥ ይምረጡ።

*ከ3 እስከ 5 ዓመት።* ሦስት ዓመት ሲሞላው ክብ መሳል፣ በአራት ዓመት እርሳሱን በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ መያዝ፣ በአራትና በአምስት ዓመት መካከል የልብስ ቁልፍ መፍታትና መቆለፍ ይጠበቃል። ጫፉ የደነዘዘ የወረቀት መቀስ፣ የሚጠላለፉ እንደ ሌጎ ያሉ ብሎኮች፣ ቁልፍና ዚፕ ያለው አሮጌ ጃኬት ከማንኛውም ዘፋኝ አሻንጉሊት ይበልጣሉ።

ደረጃ 3፦ ቤት ውስጥ ያለውን አስቀድመው ያሰልፉ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ወጥ ቤትዎን ይፈትሹ። ከደረጃ 2 የመረጡት ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

*ክዳኖች።* አፋቸው ሰፋ ያለ፣ የሚሽከረከር ክዳን ያላቸው ሦስት የፕላስቲክ ዕቃዎች አጥበው ያዘጋጁ። በመጀመሪያ ክዳኑን አላልተው ይስጡት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አዙሮ ሲከፈትለት ይደሰታል። ከዚያ በየቀኑ በጥቂቱ ያጥብቁት። የሃይላንድ ክዳን ግን ለዚህ አይሆንም፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ቆርኪ ደግሞ ጠርዙም ይቆርጣል።

*የልብስ መቆንጠጫ።* በካርቶን ጠርዝ ላይ ማሰካት ለቆንጣጭ ጣቶች ከባድና ጥሩ ሥራ ነው። አዲሱ መቆንጠጫ ለሕፃን ጣት ይጠነክራልና ስፕሪንጉ የላላውን አሮጌውን ይስጡት።

*ሊጥ።* ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከአንድ ኩባያ ጥቂት ያነሰ ውሃ ይውሰዱ። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ ያሹት፤ ከተጣበቀ ዱቄት፣ ከተሰነጣጠቀ ውሃ በጣት ይጨምሩ። በብዙ መመሪያዎች ላይ እንዳይበላሽ ተብሎ ብዙ ጨው ይጨመራል። ልጅዎ ገና ሁሉንም ወደ አፉ የሚከት ከሆነ ይህን አያድርጉ፤ በጨው የታሸ ሊጥ በርከት አድርጎ ቢበላ ለሕፃን አደገኛ ነው። ጨው የሌለው ሊጥ በዕለቱ ይጣላል። ልጁ ሊጡን እንዲጨምቅ፣ እንዲያድቦለቡል፣ በመጨረሻም ትናንሽ እየቆነጠረ እንዲያወጣ ያድርጉት፤ ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው።

*እህል መልቀም።* ባቄላን ከሽምብራ መለየት ከሦስት ዓመት በኋላ ከየትኛውም የተገዛ መጫወቻ የማይተናነስ ልምምድ ነው፤ ሰፌዱን ከፊትዎ አድርገው አብረው ይልቀሙ፣ ትተውት ግን አይነሱ። ልጆች ባቄላ በአፍንጫና በጆሮ መክተት ይወዳሉ፤ ባቄላ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ከገባ በወረንጦ ወይም በጣትዎ ለማውጣት አይታገሉ፤ ይበልጥ ይገፋልና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

*የእንጨት ብሎክ።* በከተማው ዳርቻ ባለ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አይጠፋም። ቁርጥራጭ ጣውላ ይጠይቁና በየጎኑ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር የሆነ 12 ያህል ኩብ ያስቆርጡ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ አይቀበሉ፤ በሙጫ የተጋገሩ ስለሆኑ ሲነክሷቸው ይፈረፈራሉ። ኩቦቹን በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው፣ ጠርዛቸውና ማዕዘናቸው እስኪድቦለቦል ይፈግፍጉ። ከዚያ በአሮጌ ናይለን ካልሲ ላያቸውን ያብሱ፤ ካልሲው የሚይዝበት ቦታ ላይ ስንጥር አለና እንደገና ይፈግፍጉት። ቫርኒሽም ቀለምም አይቀቡ።

ምግብም ልምምድ ነው። እንጀራ በአንድ እጅ ቆርሶ ወጥ መጠቅለል የሕፃን ጣቶች ከሚሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ረቂቁ ነው፤ እስከ ሦስት ዓመት እየጎረሰ የሚያድግ ልጅ ግን ይህ ያመልጠዋል። አያት የምታጎርሰው በፍቅር ነውና አይከልክሏት፤ «እማዬ፣ አንዱን አንቺ አጉርሺው፣ አንዱን እርሱ ይጉረስ» ብለው ይስማሙ። ልብሱ ቢበላሽም ይታገሱ።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ይፈትሹ

የሶፍት መሃል ላይ ያለውን የካርቶን ቱቦ በቦርሳዎ ይዘው ይሂዱ። ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አምራቾች ለሦስት ዓመት በታች የሚሠሩ መጫወቻዎችን የሚፈትኑበት መለኪያ 3.17 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለው የእርስዎ ቱቦ ከዚያ ይበልጥ ጠንቃቃ ይሆናል። መጫወቻውን ከማሸጊያው አስወጥተው ይዩ፤ ባለ ሱቁ እሺ ካላለ ይተዉት። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ፦

1. መጫወቻው ወይም ማንኛውም ክፍሉ በቱቦው ውስጥ ካለፈ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይግዙት።
2. ዓይኑን፣ ጎማውን፣ ቁልፉን በጣትዎ አጥብቀው ይጎትቱ። የሚነቃነቅ ካለ ቤት ሲገባ ይነቀላል።
3. ቀለሙን በጥፍርዎ ይፋቁ፣ ያሽቱም። የሚላጥ ወይም ኃይለኛ የኬሚካል ሽታ ያለው ከሆነ ይመልሱት፤ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችል እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት (ሊድ) አእምሮን ይጎዳል።
4. ባትሪ ካለው ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን ያረጋግጡ። በጣት የሚከፈት ከሆነ አይውሰዱ።
5. ረጅም ገመድ፣ ትናንሽ ማግኔትና ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያብጥ የጄል ኳስ ያለበትን ሁሉ ይተዉ። ልጁ ሁለት ማግኔት ቢውጥ ማግኔቶቹ አንጀቱን መካከል አድርገው እርስ በርስ ሊሳሳቡና ሊበሱት ይችላሉ።
6. በመጨረሻ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህን መጫወቻ የሚያሠራው የልጄ እጅ ነው ወይስ ባትሪው?

በሰልባጅ ክምር ውስጥ አንዳንዴ ከአዲሱ የተሻለ ጥሩ የእንጨት መጫወቻ ይገኛል፤ ነገር ግን ካርቶኑ ስለሌለ ከላይ ያሉትን ፍተሻዎች በሙሉ በእጥፍ ጥንቃቄ ያድርጉ፣ ቀለሙ ያረጀውንም አይውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ አደጋ ቢደርስ

ክብ የሰዓት ባትሪ የዋጠ ወይም ዋጠ ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ አይጠብቁ። ባትሪው ጉሮሮ ላይ ከቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። አያስታውኩት፤ ራጅ ወዳለው ሆስፒታል በቀጥታ ይሂዱ። ዳርቻው ላይ ለምንኖር መንገዱ ረጅም ነውና ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ቤት ውስጥ ማር ካለ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ እስከ 6 ጊዜ ሊሰጡት ይችላሉ። ማር ፍለጋ ብለው ግን አንድ ደቂቃ አይዘግዩ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

የታነቀ ልጅ እየሳለ ከሆነ እንዲስል ይተዉት። ድምፅ ማውጣትና መተንፈስ ካቃተው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍዎ ሥር ይምቱት። ካልወጣ፣ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ በጀርባው አስተኝተው በሁለት ጣት የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ይጫኑ፤ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው አቅፈው ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይግፉ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን ያፈራርቁ፤ የማይታይዎትን ነገር በጣትዎ ለመጎርጎር አይሞክሩ። ሌላ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ልጁ ራሱን ከሳተ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ (ደረቱን እየተጫኑ በአፍ ትንፋሽ መስጠት) ይጀመራል።

ደረጃ 5፦ መጫወቻውን በሥርዓት ያቅርቡ

1. ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። ሌላውን መጫወቻ ሁሉ በካርቶን አድርገው ከዓይኑ ያርቁ፤ ሁለት ብቻ ይተዉ።
2. መቀመጫውን ያስተካክሉ። ሰውነቱ የሚወዛወዝ ልጅ ጣቶቹን ማዘዝ አይችልም። ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ፤ ወንበር ከሆነ እግሮቹ መሬት ይንኩ፣ ጠረጴዛውም ከክርኑ አይበልጥ። እግሩ ካልደረሰ ሥሩ ላይ የሚረግጠው ነገር ያድርጉለት። በረንዳ ላይ አያስቀምጡት፤ የወደቀውን ብሎክ ለማየት ሲል በበረንዳው ላይ ይንጠለጠላል።
3. ከጎኑ ይቀመጡና አንድ ጊዜ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሳይናገሩ ይሥሩለት። እየተናገሩ ሲያሳዩት አፍዎን እንጂ እጅዎን አያይም።
4. እጅዎን ይሰብስቡ። ሲሳሳት ፈጥነው አይርዱት፤ የእርስዎ እጅ የገባበት ቦታ ሁሉ የእርሱ ሥራ ያነሰበት ነው።
5. ሊተወው ሲል መጨረሻውን ብቻ ይተዉለት። ክዳኑን እርስዎ አዙረው የመጨረሻዋን ዙር እርሱ ይጨርስ፤ ነገ ሁለቱን ዙር ይሠራል።
6. በአሥር ደቂቃም ቢሆን መሰልቸቱን ሲያዩ ያንሱት።

ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው ሞግዚት ከሆነች ይህን ሁሉ ለእርሷ አሳዩአት፤ በተለይ አራተኛውን። ቤቱን ለማጽዳት ስትቸኩል ሁሉንም ልታደርግለት ትችላለችና የምትታገስበትን ሰዓት ይስጧት።

ደረጃ 6፦ ሳይሆን ሲቀር

*ሁሉን ወደ አፉ ይከታል።* ከሁለት ዓመት በታች የተለመደ ነው። አይቆጡት፤ መጠኑ ትልቅና ሊታጠብ የሚችለውን ብቻ ይስጡት።

*ይወረውራል።* መልቀቅን ገና እየተማረ ነው። ብሎኩን ወስደው በምትኩ ጣሳ ያቅርቡለትና ውስጡ ይጣል፤ ድምፁ ራሱ ይመልሰዋል።

*ቅርጽ ማስገቢያው ያናድደዋል።* ከክቡ ቀዳዳ በቀር ሌሎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ፣ ክቡንም ብቻ ይስጡት። ያለ ስህተት ሲያስገባ ካሬውን ይክፈቱ። ሦስት ማዕዘኑ ይቆይ፤ ከባዱ እርሱ ነው።

*ክሩ አልገባ ይለዋል።* የጫማ ክር ይጠቀሙ፤ ጫፉ ከተፈታ በፕላስተር ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት። ጨሌ ለዚህ አይሆንም። የሶፍቱን ቱቦ በቀለበት በቀለበት ቆርጠው ይስጡት። ክሩን ሲጨርስ ይውሰዱት፤ አንገት ላይ አይደረግም።

*እርሳስ ሲይዝ በጡጫ ነው።* ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ ክሬዮኑን 3 ሳንቲሜትር ያህል አድርገው ይስበሩት፤ አጭሩን በጡጫ መያዝ ስለማይመች ጣቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት፤ ሽቅብ ሲስል አንጓው ይጠነክራል። አሁንም ካልሆነ ወደ ሊጥና ወደ መቆንጠጫ ይመለሱ፤ ጣቱ ሳይጠነክር ፊደል ማጻፍ እርሳስን ያስጠላል።

*በግራ እጁ ይሠራል።* ይተዉት። የእጅ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ይታወቃል። ለመብላት ቀኙን እንዲጠቀም ቢያስተምሩት እንኳ በጨዋታና በሥዕል ላይ አያስገድዱት፤ መቀስ ሲገዙም ለግራ እጅ የሚሆነውን ይፈልጉ።

አንዳንዱ ግን መጫወቻ የሚፈታው አይደለም። ከ4 ወር በኋላም ጡጫው የማይፈታ፣ በ9 ወሩ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የማያሻግር፣ 18 ወር ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን የሚተው፣ ወይም ይችል የነበረውን ያጣ ልጅ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጎረቤት «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ቢልዎት አይጠብቁ። ለሐኪሙ «እጁ ደከመ» ከማለት ይልቅ የሚችለውንና የማይችለውን ዘርዝረው ይንገሩ፤ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ በስልክዎ ቀርጸው ቢያሳዩ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

ደረጃ 7፦ ይቀይሩ፣ ይጠብቁ፣ ይጣሉ

ልጁ ሥራውን ሳያየው በቀላሉ መሥራት ሲጀምር ያን መጫወቻ ያንሱና ወደ ቀጣዩ ይሻገሩ። ያነሱትን አይጣሉት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲመልሱት በአዲስ መንገድ ይጫወትበታል። ያሉትን በየሳምንቱ ያፈራርቁ።

በየሳምንቱ ፕላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ያጥቡ። እንጨቱን አይንከሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በጥላ ያድርቁት፣ ስንጥር ያወጣውን እንደገና ይፈግፍጉ። ሰፈራችን ሁሌም ግንባታ ላይ ስለሆነ አሸዋ ክምር ላይ የዋለ መጫወቻ ሳይታጠብ ቤት አይግባ፤ ክምሩ ውስጥ ምስማርና የሲሚንቶ ብናኝ አለ።

የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በሙጫ አይጠገንም፤ ለቆራሌው ይስጡት። የባትሪ ክዳኑ የጠፋ መጫወቻ ደግሞ ባትሪው ወጥቶ በፕላስተር ተጠቅልሎ ልጅ በማይደርስበት ከተቀመጠ በኋላ በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ።